የአባቷ ቀብር ላመለጣት ተማሪዬ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የአባትሽን ነፍስ ይማር።

ለቅሶ ቤት ሰው ስለበዛ ልነግርሽ የፈለግኩትን ሳልነግርሽ ተመለስኩ። «አባቴ አፈር ሲለብስ እኔ ድንጋይ ስለካ ነበር» እያልሽ ስታለቅሺ ከድንኳኑ ጥግ ሆኜ ሰምቻለሁ። አልቅሺላቸው፤ የሚለቀስላቸው አባት ናቸው። ራስሽን መውቀሱን ግን ተዪው። ዳባሁ ተራራ ግርጌ ስልክ እንደማይሠራ አብረን አይተናል። ቤተሰብሽ ሎግያ ላሉት የአባትሽ ባልደረቦች ደወሉ፣ እነሱ ለአፋሮቹ ነገሩ፣ ወሬው በዳጉ ከሰው ወደ ሰው ተላልፎ መንገድ መሪያችን ዘንድ ሲደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። ከዚያ ቀድሞ ሊደርስ የሚችል ሰው አልነበረም።

አባትሽን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያገኘኋቸው። ለመጀመሪያው የመስክ ጉዞ ስትዘጋጂ ትምህርት ክፍሉ ድረስ መጥተው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ስንት ጀሪካን ውኃ እንደምንጭን ጠየቁኝ። ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «ጨምሩበት» አሉኝ። ጨመርን። በባቲ ወደ ሚሌ፣ ከሚሌ ወደ ጋላፊ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ስለ በረሃው ከእኔ የበለጠ ያውቁ ነበር። ከመንገድ ዳር ባልጩት እያነሱ ያመጡልሽ እንደነበርም ያኔ ነው የነገሩኝ። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ዳባሁ አጠገብ መሬት መሰንጠቁን ሎግያ ላይ ሰምተው ቤት ሲያወሩ፣ አንቺ ገና ሕፃን ሆነሽ «ምን ሆኖ ተሰነጠቀ?» እያልሽ እንቅልፍ እንደነሳሻቸው ሲያጫውቱኝ ፊታቸው ሁሉ ይስቅ ነበር። ዛሬ መልሱን ለሌላው የምታስረጂው አንቺ ነሽ፦ ከሥር የተነሣው ቅልጥ ዓለት 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ስንጥቅ ገብቶ መሬቱን በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር አራራቀው። ወደዚያ በረሃ የላኩሽ እሳቸው ናቸው። እያወቁ፣ ውኃሽን ቆጥረው ላኩሽ።

«ትምህርቱን ልተወው» ማለትሽንም ሰምቻለሁ። ሐዘን ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር አይቆረጥም፤ አቆዪው። ሥራው ከሰው እንደሚያርቅ አልደብቅሽም። ሁለተኛ ዲግሪሽን ጨርሰሽ ማስተማር ብትጀምሪ፣ ከዚያም ለሦስተኛ ዲግሪ ብትሄጂ፣ መስክ ላይ ሳለሽ ሰርግም ለቅሶም ያመልጥሻል። ቢሆንም ስንጥቁ አፋፍ ላይ ቆመሽ፣ አቧራው ዓይንሽን እያቃጠለሽ፣ ለታናናሾችሽ ስታስረጂ አይቻለሁ፤ ያልገባው ልጅ እስኪገባው ድረስ መሬት ላይ በእንጨት ሥለሽ ደግመሽ አሳየሽው። እንዲያ የሚያስተምር ሰው ብዙ አይገኝም። አንድ ቀን ባልደረባዬ ሆነሽ ባይሽ እወዳለሁ። ልብሽ ተረጋግቶ ስታስቢበት እተወዋለሁ ካልሽም ደብዳቤሽን ያለ ቅሬታ እፈርማለሁ።

የመስክ ደብተርሽ እኔ ዘንድ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ የስንጥቁን አቅጣጫና ስፋት ጽፈሽ፣ ከሥሩ የናሙናውን ቁጥር ጀምረሽ ሳትጨርሺው ቀርቷል። ናሙናዎቹን ከደብተሩ ጋር አመሳክሬ፣ ቁጥር የጎደለውን ለይቼ፣ በሳጥን አስቀምጫቸዋለሁ። ማንም አይነካቸውም። በመጋዝ ተቆርጠው፣ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሳሱ ተፍቀው ለማይክሮስኮፕ የሚዘጋጁት አንቺ ስትመጪ ነው። ክፍሉ ፈቃድሽን አጽድቋል፤ የማስረከቢያው ቀንም ተራዝሞልሻል።

እናትሽ እህል እንዲቀምሱ አድርጊ፤ አንቺም ብዪ። መሪያችን ደጋግሞ እየደወለ ስላንቺ ይጠይቀኛል፤ ከፈቀድሽ ቁጥርሽን እሰጠዋለሁ። ለአርባው ከክፍሉ መምህራንና ከሾፌራችን ጋር ደሴ እንመጣለን።

አማካሪሽ