መድኑን በሚስት ስም ማዞር

«ኢንሹራንሱን በአንቺ ስም አዙሪው፤ የእሱ ስም ተበላሽቷል።»

ከባልና ከሚስት አንዱ በመኪና መጋጨት የለመደበት ቤት ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። እኔም ከዘመድም ከደላላም ሰምቼዋለሁ። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ መሪ ሲይዝ ግን ይቸኩላል። ዳባት መውጫ ላይ አመሻሽ አህያ ገጭቷል፤ ደባርቅ ገበያ የቆመ አይሱዙ ጎን ፍቋል፤ ወገራ ላይ ቦይ ገብቶ በትራክተር ተጎትቷል። ስለዚህ ምክሩን ከመጣሌ በፊት አገላብጬ አየሁት።

ላይ ላዩን ብልጠት ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ የገባ ሰው ዓመቱን ካሳ ሳይጠይቅ ከጨረሰ ሲያድስ አረቦኑ ላይ ቅናሽ ያገኛል። ከጠየቀ ቅናሹ ይቀርበታል፤ ከደጋገመ ጭማሪ ይመጣበታል፤ «አናድስም» የሚለውም አይጠፋም። እናም ባል ዞር ይላል፣ ሚስት በንጹሕ ስሟ አዲስ ውል ትፈርማለች፣ ቁልፉ ግን ከእሱ ኪስ አይወጣም።

ታዲያ ምን ተቀየረ? ሊማሊሞን በጭጋግ የሚወርደው ያው ሰው ነው። ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በጠጠሩ መንገድ ከበቅሎው፣ ከከብቱና ከጭላዳው መንጋ ጋር እየተጋፋ የሚወጣውም ያው ሰው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ የነገረችኝ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ኩባንያው ገና ከመነሻው «ቤት ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያለው ማን ማን ነው?» ይላል። የባሏ የፍጥነት ቅጣትና ግጭት እሷ በምትከፍለው አረቦን ላይ ተደመረ። የሜሪላንድ ሕግ ግን አንድ መውጫ ትቷል። ኩባንያው በአንዱ የቤተሰብ አባል የመንዳት ታሪክ ምክንያት የሁሉንም ውል ከመሰረዝ ወይም አረቦኑን ከመጨመር ይልቅ፣ ያንን ሰው በስሙ ከሽፋኑ አስወጥቶ ሌሎቹን እንዲያስቀጥል አማራጭ ማቅረብ አለበት። ከሽፋኑ የወጣው ሰው መኪናዋን ከነዳ ግን መድኑ አይሠራም። እንግዲህ ምርጫው የባልና የሚስት ነው፤ ወይ ጭማሪውን ይከፍላሉ፣ ወይ እሱ አይነዳም።

በእኛ አገር መድን በአብዛኛው የሚተመነው በመኪናው ነው። ስንት ያወጣል? የስንት ዓመት ነው? ለቤት ነው ለንግድ? በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን አረቦንማ በመንግሥት ታሪፍ የሚሄድ ነው። የትራፊክ ደንቡ የአሽከርካሪን ጥፋት በነጥብ እንዲመዘገብ ቢያደርግም፣ እኔ መድን ልገባ ስሄድ «የባለቤትሽን መዝገብ አምጪ» ያለኝ የለም። ከዚህ ተነስቶ «እዚህ ማን ያየዋል?» ማለት ይመጣል።

የሚያየው ሕጉ ነው፤ የሚያየው ደግሞ ከአደጋው በኋላ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ሲገባ የሚሞላው ቅጽ ብዙ ጊዜ መኪናውን የሚነዱ ሰዎች ከዚህ በፊት አደጋ ደርሶባቸው እንደሆነ ይጠይቃል። እዚያ ቦታ ላይ «የለም» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ግን መድን ገቢው የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲያስታውቅ ያስገድዳል (ቁጥር 667)፤ ሆን ብሎ የደበቀ ወይም የዋሸ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል (ቁጥር 668)። የቤት መኪና ብሎ አስመዝግቦ እንግዳ በክፍያ ወደ ቡይት ራስ የሚያወጣ ሰውም እዚሁ ላይ ይያዛል። ዓመት ሙሉ አረቦን ከፍለህ፣ በጨነቀህ ቀን ባዶ እጅህን ትቀራለህ።

ከዚህ የሚብሰው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ነው። መኪና ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው የመኪናው ባለቤት ነው። እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ የሚድነው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ሊብሬውንም ውሉንም ወደ ስሟ ያዞረች ሚስት ባሏን አልሸሸገችም፤ ራሷን ፊት አቆመች። «ያኔ የነዳው እኮ እሱ ነው» ብትል አይሰማላትም።

ሊብሬው በእሱ ስም ቢቀርስ? ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ የፌዴራሉን (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ያየን እንደሆነ ግን በአንዱ ስም የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ይላል። የአንዱ ዕዳም የግል ንብረቱ ካልበቃ ከጋራው ይከፈላል። የ2005ቱ የሦስተኛ ወገን አዋጅ (ቁጥር 799) ሲወጣ ለሞት ካሳ ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100,000 ብር ነበር። ፍርድ ቤት ከመድኑ ጣሪያ በላይ ከወሰነ ልዩነቱ የሚወጣው ከሱቃችን፣ ከቤታችን ነው።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ሜሪላንድ ላይ ኩባንያው የሚሠራውን ሂሳብ እኛ አገር ቤተሰብ ራሱ ካልሠራው የሚሠራለት የለም።

እኛ ዘንድሮ ስናድስ ሠራነው። አደጋዎቹን በሙሉ ቅጹ ላይ የጻፈው ባለቤቴ ራሱ ነው። አረቦኑ ጨመረ፤ ኤክሰሱ፣ ማለትም በእያንዳንዱ አደጋ ከራሳችን ኪስ የምንሸፍነው ድርሻም ከፍ አለ። ቤት ገብተን ተከራከርን። በመጨረሻ ጭማሪው ከእሱ ድርሻ እንዲወጣ፣ በክረምትና በማታ ሊማሊሞን እኔ ወይም ሌላ ሾፌር እንዲነዳ ተስማማን። ኩራቱ ትንሽ ተነክቷል፤ እሱም «ልክ ነሽ» ያለው እያጉረመረመ ነው። ይሁን፤ ከአንድ ሰው ሕይወትና ከዕድሜ ልክ ዕዳ ኩርፊያ ይረክሳል።

የኩባንያዎቹንም ነገር ሳልናገር አላልፍም። እውነቱን የጻፈ ሰው ጭማሪ ሲከፍል፣ የደበቀው በርካሽ የሚያልፍ ከሆነ ሰዉን መደበቅ እያስተማርነው ነው። ለሁለት ዓመት ያለ አደጋ የነዳ ሰው ጭማሪው እንደሚነሳለት በውሉ ቢጻፍ፣ እውነቱን የሚናገር ይበዛ ነበር።

እናንተም ስም ከማዞራችሁ በፊት ወኪሉን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሽፋኑ እስከ ስንት ብር ነው? አደጋ የበዛበት ባለቤቴ ሲነዳስ ኤክሰሱ ስንት ይሆናል? «ችግር የለም» ካላችሁ፣ ችግር አለመኖሩን ውሉ ላይ ይጻፍላችሁ።