ከወለሉ ሥር

ዋሽንግተን ከተማ መሐል ያለው ትልቅ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲከፈት ኤም.ሲ.አይ. ሴንተር ይባል ነበር። በ2006 ቬራይዘን ሴንተር፣ በ2017 ደግሞ ካፒታል ዋን አሬና ሆነ፤ ስሙ እንደ ስፖንሰሩ ይለዋወጣል። ወለሉም እንዲሁ ነው። ዛሬ የበረዶ ላይ ሆኪ፣ ነገ የቅርጫት ኳስ፣ ከነገ ወዲያ የዘፈን ድግስ ይፈራረቁበታል። በሆኪው ወራት ግን ለዘፈኑ ተብሎ በረዶው አይቀልጥም። ከሥር በሲሚንቶው ውስጥ የተቀበሩ ቧንቧዎች ያቀዘቅዙታል፤ ከላይ ቅዝቃዜ የማያሳልፍ ሰሌዳ ይነጠፍበታል። ሰው ሁሉ ሲጨፍር ያመሻል፤ ከጫማው ሥር በረዶ መኖሩ ትዝ የሚለው ጥቂት ነው።

ይህን የነገረኝ እዚያው ከተማ ታክሲ የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ ነው። ለእናቴ ባወራላት፣ «ታዲያ እግራቸውን አይበርዳቸውም?» አለች። ሳቅን።

ኋላ ግን ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ወንድሜ በስልክ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ የላከው ገንዘብ መድረሱን ጠይቆ፣ ቀልዶ፣ አስቆን ይሰናበታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን «ከፋኝ» ብሎ አያውቅም። ስደተኛ፣ ቤተሰቡን እንዳይበርደው ብሎ፣ ሰሌዳውን ራሱ ያነጥፋል። እኛ በሞቀው በኩል ቆመናል። ከዚያ ወዲህ «ደህና ነኝ» ሲለኝ፣ ያቺ ቃል ምን ያህል ውፍረት እንዳላት አስባለሁ።