ከመተግበሪያው በላይ የሚቆይ ማስታወሻ

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር በሥራ ዘመኑ ከሚጽፈው ውስጥ ለኅትመት የሚበቃው ጥቂቱ ነው። የሚበዛው የትኛው ምሳሌ ለተማሪዎች ግልጽ እንደሆነ፣ የትኛው የፈተና ጥያቄ አሻሚ ሆኖ እንደተገኘ፣ በምክክር ሰዓት የተነሣ ሐሳብ ወደየትኛው መጽሐፍ እንደመራ የሚናገር ቁርጥራጭ ማስታወሻ ነው። ይህ ከጠፋ መምህሩ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ከተጠበቀ ግን ያለፈው ዓመት ድካም ለዘንድሮው ስንቅ ይሆናል። በመሆኑም ማስታወሻን በዲጂታል መሣሪያ የማደራጀት ጉዳይ ከምቾት አልፎ የሙያ ትውስታን የማቆየት ጥያቄ ነው።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር አንድ መምህር በአብነት ሊወሰድ ይችላል። ማስታወሻዎቹ በደብተር፣ ለራሱ በላካቸው የቴሌግራም መልእክቶች፣ በስልኩ ባነሣቸው የሰሌዳ ፎቶግራፎች፣ እንዲሁም በቢሮው ኮምፒውተር ላይ «የመጨረሻ» እና «የመጨረሻ 2» የሚል ስም በተሰጣቸው ፋይሎች ተበትነዋል። ሁሉንም በአንድ ቦታ ለመሰብሰብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው መተግበሪያ ብዙ ነገር እንደሚሠራ ነው። ጥያቄው ተገቢ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ወሳኙ መሣሪያው የሚቀበለው ሳይሆን የሚመልሰው ነው።

የመጀመሪያው መመዘኛ የመውጫው በር ነው። ተወዳጅ የነበረው የሥራ ዝርዝር መያዣ ዋንደርሊስት በማይክሮሶፍት ከተገዛ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ተዘግቷል። ኤቨርኖት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በነፃ የሚጠቀሙ ሰዎች የሚይዙትን ማስታወሻ በ50 ወስኗል። የአማርኛ ጸሐፊዎች ለዚህ ዓይነቱ አደጋ እንግዳ አይደሉም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በየድርጅቱ በተሠሩ የፊደል ቅርጾች የተጻፉ ብዙ ፋይሎች ዛሬ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ዝብርቅ ሆነው ይታያሉ። ጽሑፉ አልተሰረዘም፤ የሚያነበው መሣሪያ ግን ከአጠገቡ የለም።

ሁለተኛው መመዘኛ የቋንቋው ጠባይ ነው። ለኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ የመዘገበ ሰው «ስነ ጽሁፍ» ብሎ ቢፈልግ ማስታወሻው እያለ የለም ይባላል። ከዚህም በላይ አንዳንድ መሣሪያዎች ቃልን የሚፈልጉት ከመነሻው ብቻ በመሆኑ «ፈተና» የሚለው ፍለጋ «በፈተናው» እና «የፈተና» የሚሉትን ሊያልፋቸው ይችላል። ስለሆነም መምህሩ አንድን መሣሪያ ከመምረጡ በፊት 10 ያህል የአማርኛ ማስታወሻዎችን አስገብቶ ፍለጋውን ቢፈትን፣ ለቁልፍ ቃላቱም አንድ ወጥ አጻጻፍ ቢወስን፣ ከማንኛውም የማስታወቂያ ጽሑፍ የተሻለ ማስረጃ ያገኛል።

ሦስተኛው መመዘኛ የሥራው ጊዜና ቦታ ነው። ለጠዋቱ 3 ሰዓት ክፍለ ጊዜ በስልኩ ላይ 3:00 ብሎ የሞላ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይቀሰቀሳል። በየወሩ በ30 የሚቀርብ ሪፖርትም በጎርጎርዮሳዊው ቀን መቁጠሪያ ከተመዘገበ ማሳሰቢያው በሌላ ቀን ይመጣል፤ ጳጉሜን ሲደርስ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ሲቋረጥ እንደታየው፣ ያለ ኔትወርክ የማይከፈት ማስታወሻ በሚያስፈልግበት ቀን ሊታጣ ይችላል።

እነዚህን ሦስት መመዘኛዎች ያገናዘበ መምህር ወደ አንድ ሁሉን አቀፍ መተግበሪያ ሳይሆን ወደ ሥራ ክፍፍል ያመራል። የማስተማሪያና የምርምር ማስታወሻውን ማንኛውም ኮምፒውተር በሚያነበው ጥሬ የጽሑፍ ፋይል ይይዛል፤ እንደ ኦብሲዲያን ያሉ መተግበሪያዎች ፋይሎቹን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ትተው ከላይ የማገናኘትና የመፈለግ አገልግሎት ብቻ ስለሚሰጡ መተግበሪያው ቢጠፋም ጽሑፉ አይጠፋም። ለንባብ ምንጮቹ ዞቴሮን፣ ለቀጠሮው የስልኩን ቀን መቁጠሪያ ይጠቀማል። የተማሪዎችን ውጤት ግን ከማስታወሻው ጋር አይቀላቅልም፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ እንደሚያሳስበው የሌላ ሰው መረጃ የመምህሩ የግል ንብረት አይደለም። የሁሉም ማስታወሻ ቅጂ በየሳምንቱ በፍላሽ ይቀመጣል።

ይህ አካሄድ ዋጋ ያስከፍላል። ከባልደረቦች ጋር በአንድ ሰነድ ላይ በአንድ ጊዜ መሥራት በኢንተርኔት መሣሪያዎች ይቀላል፤ ለጋራ ሥራ እነርሱን መጠቀምም አይነቀፍም። ሊጠነቀቁት የሚገባው ብቸኛው ቅጂ እዚያ እንዳይቀር ነው። ሌላው ወጪ መሣሪያን በመለዋወጥ የሚባክነው ጊዜ ነው፤ በየሴሚስተሩ መተግበሪያ የሚቀይር መምህር ማስታወሻዎቹን ሲያጓጉዝ ሳያነብባቸው ይቀራል። ጀርመናዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኒክላስ ሉህማን እ.ኤ.አ. በ1998 እስኪያርፍ ድረስ 90,000 ያህል ካርዶችን በእንጨት ሣጥን ውስጥ አከማችቷል። መሣሪያው ወረቀትና ቁጥር ብቻ ነበር፤ ፍሬያማ ያደረገው ግን እያንዳንዱን አዲስ ካርድ ከቀድሞዎቹ ጋር ለማያያዝ ተመልሶ ማንበቡ ነው።

በዚህ ረገድ ለጀማሪ ተመራማሪዎችም የሚጠቅም ቀላል ፈተና አለ። ኔትወርክ በሌለበት አንድ ቀን ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ ማስታወሻ ተፈልጎ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ማየት ነው። ከተገኘ መሣሪያው ምንም ያህል ተራ ቢሆን ሥራውን ሠርቷል። ካልተገኘ ግን ለመመረቂያ ጥናት የሚሰበሰበው ማስታወሻ ሳይበዛ አሁኑኑ ማስተካከል ይሻላል፤ 100 ገጽ ማዛወር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲሆን 3,000 ገጽ ማዛወር ግን የሚጀምረው እንጂ የሚጨርሰው ሰው ብዙ አይደለም።