ለሌሊት የተተወ ሥራ

መጀመሪያ ኖሀፕ የሚለው ትእዛዝ፣ ቀጥሎ የስክሪፕቱ ስም፣ መጨረሻ ላይ አምፐርሳንድ፤ ከዚያ ኢንተር። ያኔ ከቢሮ የምንወጣው ይህን ጽፈን ነበር። ተርሚናሉ የፕሮሰሱን ቁጥር ይመልስልናል፤ ቁጥሯን በወረቀት ጽፈን ለተረኛው እንሰጣለን። «ይቺን እንዳትነካብኝ፣ ሌሊቱን ትሠራለች» እንባባል ነበር። ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘን የስልክ መስመር እንደሚቋረጥ እናውቃለን። ሲቋረጥ ሼሉም፣ በሥሩ ያሉት ሥራዎችም ሲግሀፕ የሚባለው ሲግናል ይደርሳቸውና ይሞታሉ፤ ዩኒክስ በስልክ ሞደም ከሚሠራበት ዘመን የተወረሰ ሕግ ነው። ኖሀፕ ግን ስክሪፕቱ ያንን ሲግናል ጆሮ ዳባ ልበስ እንዲለው ያደርጋል። ጠዋት የውጤቱን ፋይል ከፍተን ሥራው ማለቁን ስናይ የዕለቱ ቡና ይጣፍጠናል።

ዛሬ አጭር የሰርቪስ ፋይል ይጻፋል። የሊኑክስ ሰርቪሶችን የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ ስክሪፕቱን ያስነሳል፤ ቢወድቅ መልሶ ያነሳል፤ ስክሪፕቱ ያወጣውን ሁሉ ጆርናል በሚባለው መዝገቡ ይመዘግባል። ወረቀትም ተረኛም የለም።

ከኖሀፕ ይልቅ የምንወደው ስክሪን ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. በርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ ፕሮግራም ነው። ሥራችንን በመስኮቱ ትተን እንወጣለን፤ ማታ ከቤት ስንገባበት የተውነው መስመር እዚያው ይጠብቀናል። አንዳንዴ ሁለት ሆነን አንዱን መስኮት እንከፍታለን፤ አንጋፋው ሲጽፍ ጀማሪው ያያል። እኔ ሊኑክስን የተማርኩት ከመጽሐፍ ይበልጥ በዚያ መስኮት ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲስተምዲ 230ኛ ስሪት ተጠቃሚው ሲወጣ ትቶት የሄደው ፕሮሰስ ሁሉ እንዲገደል ነባሪ አደረገ። ኖሀፕም ስክሪንም አልተረፉም። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ነባሪውን ወደ ቀድሞው መለሰው፤ ደግ አደረገ። የተተወ ሥራ ይቀጥላል የሚለው የአሥርተ ዓመታት ቃል በአንድ የማስተካከያ መስመር መሻር አልነበረበትም።

ቢሆንም ሐቁ መነገር አለበት። ኖሀፕ ከመስመር መቋረጥ እንጂ ከመብራት መጥፋት አያድንም ነበር። መብራት ሲሄድ የሌሊቱ ሥራ አብሮ ይሄዳል። ዛሬ መብራት ሲመጣና ማሽኑ ሲነሳ ሰርቪሱም አብሮ ይነሳል፤ በእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጠፋው ግን ማወቅ ነው። በየሰዓቱ የሚወድቅ ስክሪፕት በየሰዓቱ ስለሚነሳ ችግሩን የሚያይለት የለም፤ ጆርናሉ ይሞላል፣ አንባቢ ግን የለውም። ማን እንደጀመራቸው፣ ለምን እንደጀመራቸው የማይታወቁ ሰርቪሶች ዓመታት ሲሮጡ አይቻለሁ። ለማጥፋት የሚደፍርም አይገኝም።

ስለዚህ ወጣት ባለሙያዎች፣ የሰርቪስ ፋይል ውስጥ የመግለጫ መስመር አለ፤ ባዶ አትተዉት። ሥራው ምን እንደሆነና ማን እንደሚጠየቅበት ጻፉበት።