ጊታርና የትዝታ ቅኝት

በዲላ ማደሪያችን ጊታር ባነሣሁ ቁጥር አንድ ጓደኛዬ «ይህ የፈረንጅ መሣሪያ ዜማችንን ያበላሻል» ይለኛል። አሳቡ ሊናቅ የሚገባው አይደለም፤ ዜማችን መልኩን ቢያጣ ጉዳቱ የሁላችን ነውና። ነገር ግን ጥፋቱ የመሣሪያው አይመስለኝም።

አርፔጂዮ ማለት የኮርድን ድምፆች ባንድነት ከመምታት ይልቅ ተራ በተራ ማሰማት ነው። ክሩን አንድ በአንድ እየነካ ለሚጫወት ክራር ደርዳሪ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። ሜጀር የሚባለው ትዝታ አምስት ድምፆች አሉት፤ እነርሱም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። በሶሎ ጊዜ ዶ-ሚ-ሶልን ወይም ላ-ዶ-ሚን ብንዘረዝር ከቅኝቱ አንወጣም። ፋ-ላ-ዶን ስንዘረዝር ግን ፋ፣ ሶል-ሲ-ሬን ስንዘረዝር ደግሞ ሲ ሳይጠሩ ይገባሉ። ጆሮ የሚቀየመው ያን ጊዜ ነው።

የሮሃ ባንዱ ሰላም ሥዩም የአገራችንን ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወት የሰማ ሰው መሣሪያው ቋንቋችንን መልመድ እንደሚችል አይጠራጠርም። በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ ምድርም ገበሬው ቡናን ከእንሰትና ከዛፍ ጥላ ጋር የሚተክለው ተስማሚነታቸውን ዐውቆ ነው።

ስለዚህ ጊታር የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ አስቀድማችሁ ቅኝቱን በአፋችሁ አዚሙ፤ ኮርዱን ከዚያ በኋላ ምረጡ።