የእንጀራ ዓይን ከየት መጣ?

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የአንዱ ቤት እንጀራ ዓይን አላወጣም ከተባለ፣ ምርመራው ደረጃው ላይ ይካሄዳል። አንዷ ጤፉ ተቀላቅሏል ትላለች። ሌላዋ ውሃውን ትከሳለች፤ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ደግሞ ለመከሰስ ይመቻል። ሦስተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የእጅ ነገር ነው» ካለች ግን ክርክሩ ተዘጋ፤ እጅ ይግባኝ የለውም።

እኔን የዓይኑን የትውልድ ሐረግ መቁጠር አማረኝ። አባቱ እርሾ ነው። ውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ፣ ጋዙም አረፋ ይሆናል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አረፋ ብቻውን መኖር አይወድም። ሁለት አረፋዎች ሲጠጋጉ በመሃላቸው እንደ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ የሳሳ ፈሳሽ ይቀራል። ያ ፈሳሽ እየተንጠፈጠፈ ከጸጉር ሺህ ጊዜ ያህል ሲቀጥን ይበጠስና ጎረቤታሞቹ አንድ ይሆናሉ። በንጹህ ውሃ ነገሩ ከዓይን ጥቅሻ በፊት ያልቃል። ፈሳሹ ሲወፍር ግን መንጠፍጠፉ ይዘገያል።

ስንዴ ጋዙን በግሉተን ይይዘዋል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ታዲያ ማን ይያዝለት? ይህንኑ ለሰፈራችን ጋጋሪ አቀረብኩላቸው።

«እትዬ፣ አብሲቱ ምን ያደርጋል?»

«ይይዘዋል።»

«ምኑን?»

«ዓይኑን ነዋ!»

እውነታቸውን ነው። ከሊጡ ተቀንሶ ከውሃ ጋር ሲፈላ ስታርቹ ያብጣል፤ ተመልሶ ሲጣል ሊጡን ያወፍረዋል፣ አረፋዎቹም እንደተለያዩ ይቆያሉ። ከቀጠነ ጋዙ ተሰባስቦ ያመልጣል፤ ከወፈረ ደግሞ መውጫ ያጣል።

የቀረውን የሚጨርሰው ምጣዱ ነው። እትዬ ሊጡን ከዳር ወደ መሃል እያዞሩ ሲያፈሱት፣ መጀመሪያ የፈሰሰበት ዳር ቀድሞ ዓይን ያወጣል። መሃሉ ገና እርጥብ ሆኖ ያብለጨልጫል። አረፋው ከታች ተነስቶ ላይ ሲፈነዳ ስታርቹ በሙቀት ይረጋል፣ ቀዳዳውም ሳይደፈን ይቀራል። ያኔ አክንባሎው ይከደናል። ከፍታችንም ሳያግዝ አይቀርም፤ 2 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ያው ጋዝ ሰፋ ያለ አረፋ ይሠራል።

ደረጃው ላይ ያልተነሳው ጨው ብቻ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ቪንሰንት ክሬግ፣ ባሪ ኒንሃም እና ሪቻርድ ፓሽሊ ኔቸር መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው ሲጨመር የአረፋዎቹ መዋሃድ እጅግ ይቀንሳል። አንዳንድ ጨዎች ግን ምንም አያደርጉም። ለምን እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ «የእጅ ነገር ነው» የሚላቸው ጎረቤት አላገኙም።

ወሬውን ለእትዬ ሳደርስ ምጣዱን በጎመንዘር እያሰሱ ነበር።

«ሊጥ ላይ ጨው?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ወጡ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?»