ሰብለ ወንጌል፣ ከነሙሉ ስሟ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ለተወለደች ልጅ ስም ሲመረጥ ሶልያናና አርሴማ ቶሎ ይነሳሉ። የእኔ ልብ ያለው ግን ሰብለ ወንጌል ላይ ነው። የወንጌል ሰብል፤ ቃሉ ተዘርቶ፣ በቅሎ፣ ለአጨዳ የደረሰ። በኅዳር የጤፍ ማሳው ሲደርስ ላየ የጎጃም ገበሬ ከዚህ የበለጠ ምርቃት ከየት ይመጣል?

ስሙ ከቤተ መንግሥትም አለ። የአፄ ልብነ ድንግል ባለቤት፣ የአፄ ገላውዴዎስና የአፄ ሚናስ እናት፣ እቴጌ ሰብለ ወንጌል ነበሩ፤ በግራኝ ጦርነት ደብረ ዳሞ አምባ ላይ ተጠልለው ያን ክፉ ዘመን የተሻገሩ ብርቱ ሴት።

አገር ሁሉ ያፈቀረው ግን በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ነው። እዚሁ ጎዛምን፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ በዚህ ስም ጠሯት። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ማንበብ የማይችለውም አወቃት።

ሰብለ የምትባል ዛሬም አልጠፋችም። ወንጌሉ ግን እየተቆረጠ ሲቀር አዝናለሁ። ልጅ የምትጠብቁ ወዳጆቼ፣ ሴት ከሆነች እባካችሁ ሙሉውን ስጧት፤ መዝገብ ላይም ሳይቆረጥ አስጽፉት።